መቁጠሪያዋ

ቅዳሜ እዚህ ቨርጂኒያ የኮሌጅ ቤዝቦል ጨዋታ ገባሁ። የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ነው የሚወረውረው። (ቤዝቦል ብዙም አይገባኝም፣ ለወግ ነው የሄድኩት።)

እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ልጇ ኳስ በወረወረ ቁጥር በአውራ ጣቷ ቀጭ ታደርጋለች። ትንሽ መቁጠሪያ ይዛለች። እኛ ቤት መቁጠሪያ ለጸሎት ነው። የእሷም ከዚያ ብዙ የራቀ አይመስልም። 90 ሲያልፍ ወሬ አቆመች። 104 ላይ ልጁ ክንዱን አራገፈ። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። አሰልጣኙ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ሃይስኩል እያለ እኮ ገደብ ነበረው" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሃይስኩል ላይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የውርወራ ገደብ አለ። ኮሌጅ ላይ በአብዛኛው የአሰልጣኙ ውሳኔ ነው።

ከመጠን በላይ ከመወርወር የተነሳ የክርን ጅማት ከተበጠሰ "ቶሚ ጆን" የሚሉት ቀዶ ጥገና አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከወርዋሪው ቶሚ ጆን ቀኝ ክንድ ጅማት ወስዶ የግራ ክርኑን ጠገነለት። ዛሬም ከዚያ አገግሞ ሜዳ ለመመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ኮሌጅ ደግሞ ያው አራት ዓመት ናት።

117 ላይ ቀየሩት። መቁጠሪያዋን ወደ ዜሮ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና "ርቦሻል?" አለችኝ።