በሐምሌ ዋጋ ማሾ አትዝሩ

በደቡብ ወሎ፣ በቃሉ ቆላ በልጉ ሲከዳ የሚያዝያ ማሽላ አብሮ ይቀራል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ምርጫው ጤፍ ወይስ ማሾ (ትንሿ አረንጓዴ ጥራጥሬ) የሚል ይሆናል። እኔ ማሾ ስዘራ ስለ ዋጋው ቀድሞ የሚነግረኝ ስላጣሁ ነው ይህን የምጽፈው።

አዘራሩ ከባድ አይደለም፦ ሐምሌ መግቢያ ላይ በመስመር፣ ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 7 ኪሎ ገደማ ዘር፣ ውሃ እንዳይተኛበት ማፋሰሻ፣ አረሙን በጊዜ። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ መልቀም ይጀመራል። ቆባው እኩል ስለማይደርስ ሁለት ሦስት ዙር ይለቀማል፤ ሁሉም እስኪጠቁር የጠበቀ የመጀመሪያው ይፈነዳበታል።

ያንገበገበኝ የዋጋው ነገር ነው። ሰኔ ላይ የግብርና ባለሙያ መጥቶ «ማሾ ዋጋ አለው፣ በኩታ ገጠም ዝሩ» አለን፤ ማሳችን የተያያዘ ሁላችን አንድ ዓይነት እንዝራ ማለቱ ነው። የነገረን የዚያን ሳምንት የገበያ ዋጋ ነበር። ሰኔና ሐምሌ ግን ጎተራ ባዶ የሚሆንበት፣ ማንኛውም እህል የሚወደድበት ጊዜ ነው። እኛ የምንሸጠው ጥቅምት ላይ፣ ቀበሌው በሙሉ በአንድ ሳምንት ጆንያ ይዞ ሲወጣ ነው። ጤፍ ቢረክስ ይበላል፤ ማሾን አገር ውስጥ ብዙ ሰው አይበላውም፤ ዋጋውን የሚወስነው ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ነው። ህንድ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የማሾ ግዢዋን ገድባለች፤ እንዲህ ያለው ወሬ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በነጋዴው አፍ፣ ዋጋ ሲሰበር ነው። በዚያ ላይ ለጆንያው ይቀነሳል፣ ለአፈሩ ይቀነሳል፣ ደላላው የራሱን ይወስዳል። መክሮ የሄደው ሰው ጥቅምት ላይ ዝር አላለም። ምክሩን የሰጠ የመኸሩንም ገበያ አብሮን ሊያይ ይገባ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን የማደርገው ይኸው፦ ከጥቅምት እስከ ጥር በየገበያው ቀን የጤፍ፣ የማሽላና የማሾን ዋጋ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ለመዝራት ስወስን ካለፉት ሦስት ዓመታት የጥቅምቱን ዝቅተኛ ዋጋ እይዛለሁ እንጂ የሐምሌውን አልይዝም። ከዚያ የመልቀሚያ ጉልበት፣ ጆንያና ማጓጓዣ ይቀነሳል። ማሽላ ላይ ደግሞ አገዳው ይደመራል። የባለሙያው ስሌት ሁልጊዜ ፍሬውን ብቻ ይቆጥራል፤ ከብት ያለው ሰው አገዳውን ሳይቆጥር ማሽላ አያዋጣም ማለት አይችልም።

ኩታ ገጠም ቢሉም፣ ከመሬቴ ከሲሶ በላይ ለማሾ አልሰጥም። ለእኔ የማሾ ትልቁ ጥቅሙ ቶሎ መድረሱ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ የሚጠየቀው ታኅሣሥና ጥር፣ ጤፍ በሚረክስበት ወቅት ነው። ዕዳውን በጥቅምት ማሾ የከፈለ ሰው ጤፉን እስከ ክረምት ያቆያል። ጤፍን ነቀዝ ስለማይነካው ማቆየቱ አያሰጋም።

«ሁሉንም አቆዩና ክረምት ሽጡ» የሚለውን ምክር ግን ለማሾና ለማሽላ አልቀበልም። አየር የማያስገባ ጆንያ ከሌለ ነቀዝ ከገበያው በፊት ይጨርሰዋል። ጆንያው ካለ ደግሞ እህሉን ሸራ ላይ በደንብ ማድረቅ፣ የውስጥ ላስቲኮቹ አለመቀደዳቸውን በአየር ነፍቶ ማየት፣ አየሩን ጨምቆ እያንዳንዱን ለየብቻ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ አይጥ ከማይደርስበት ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ነው። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት መዝኑ፤ የራሳችሁን ኪሎ ሳታውቁ ነጋዴ ሚዛን ላይ አትውጡ።