ከዳላስ ካርቴጅ፦ ጂም ሪቭስ ያረፈበትን ለማየት

አሜሪካዊው የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ጂም ሪቭስ ሲዘፍን አይጮህም። አጠገብህ ቁጭ ብሎ ቀስ አድርጎ እንደሚያወራህ ሰው ነው። አዲስ አበባ እያለን የአጎቴ ካሴቶች መሃል የሱም ነበረ፣ እንግሊዝኛው ሳይገባኝ ዜማውን በቃሌ ይዤው ነው ያደግኩት። ስለዚህ አጎቴ ሊጠይቀን ዳላስ ሲመጣ የት ልውሰድህ ብዬ አልተጨነቅኩም።

ጂም የተቀበረባት የቴክሳስ ከተማ ካርቴጅ ከዳላስ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። በአይ-20 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነዳን፣ ሎንግቪው አካባቢ ስንደርስ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ሜዳው አልቆ ግራና ቀኙ ጥድ ብቻ ሆነ። ጂም የተወለደው እዚሁ ፓኖላ ካውንቲ ውስጥ፣ ጋሎዌይ በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፣ ጉዳት ሲደርስበት ሬዲዮ ጣቢያ ገባ፣ ከዚያ ወደ ዘፈን።

መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ሀይዌይ 79 ዳር ነው። ሙሉ ቁመናውን የሚያሳይ ሐውልት ቆሟል፣ ወደሱ የሚወስደው የሲሚንቶ መንገድ ደግሞ በጊታር ቅርጽ የተሠራ ነው። ቻየን የሚባለው ውሻውም እዚያው ተቀብሯል። ሐውልቱ ላይ የተጻፈውን ለአጎቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ተራ ዘፋኝ ብሆንም የአንድ ሰው እንባ ካበስኩ፣ ያዘነ ልብ ካጽናናሁ፣ አንዲት ስንኝ እንኳ በከንቱ አልዘፈንኩም የሚል ነው መልእክቱ። አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ፣ «ነፍስህን ይማር» አለው በአማርኛ።

ያ ድምፅ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ላይ እንደዘመኑ ሰው ከፍ አድርጎ ነበር የሚዘፍነው። በ1957 «ፎር ዎልስ»ን ልቅረጽ ሲል ፕሮዲውሰሩ ቼት አትኪንስ ይሄ የሴት ዘፈን ነው ብሎ አቅማምቶ ነበር። ጂም ግን አልተወም፣ ማይክሮፎኑን ከንፈሩ ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘፈነው። ዘፈኑም ድንቅ ተወዳጅ ሆነ። ለኔ የዚህ ሰው ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። «ሂል ሃቭ ቱ ጎ» የሚለው ዘፈኑም ቢሆን ሙዚቃው ሳስ ብሎ ለድምፁ ቦታ ባይለቅለት ኖሮ እንዲህ ዓለምን አይዞርም ነበር። ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዶ ዘፍኗል፣ ፊልምም ሠርቷል፣ በአፍሪካንስ ቋንቋ ሳይቀር አዚሟል።

ሐምሌ 1964 መጨረሻ ላይ ራሱ የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ናሽቪል አጠገብ ዝናብና ነጎድጓድ ውስጥ ገብታ ተከሰከሰች። ፒያኒስቱ ዲን ማኑኤልም አብሮት ነበር። ጂም ገና 40 ዓመቱ ነው። ባለቤቱ ሜሪ ግን የቀሩትን ቅጂዎች እያወጣች ስሙን አላስጠፋችም፣ «ዲስታንት ድረምስ» የሚለው ዘፈኑ በ1966 እንግሊዝ አገር አንደኛ የወጣው እሱ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለሷ ብዙ አይወራም፣ መወራት ነበረበት።

ከመቃብሩ በኋላ ካርቴጅ ውስጥ ያለውን የቴክሳስ የካንትሪ ሙዚቃ ሙዚየም አየን። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ክርክር ነበር። «ጋሼ፣ እንደ ፎር ዎልስ የለም» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ «ሂል ሃቭ ቱ ጎ እያለ? አንተ ልጅ፣ ጆሮ የለህም!» ይለኛል። እስከ ዳላስ አልተስማማንም።