የተረሳች 1099

ታክስ ሲሠራ የተረሳች የገቢ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው የታክስ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15 አልፎ፣ ሪፈንዱ ባንክ ገብቶ፣ ነገሩ ሁሉ አለቀ ሲባል ነው። ከአስተርጓሚ ኤጀንሲ የተላከች 1099-ኤንኢሲ (ከፋዩ ለግል ሠራተኛ የከፈለውን የሚያሳይ ወረቀት)፣ ቤት ሲቀየር በድሮው አድራሻ የቀረች። ወይም ከነጭራሹ ወረቀት ያልወጣለት፣ በዜል የተከፈለ የቅዳሜ ሥራ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን አበሾች ብዙዎቻችን ቀን በደብሊው-2 (ታክሱ ከደሞዝ በሚቆረጥበት ሥራ) ተቀጥረን ማታና ቅዳሜ ኡበር ወይም ትርጉም ስለምንሠራ ጉዳዩ እቤታችን ያለ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ሰው በፍርሃት ዝም ብሎ ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ሲጠብቅ የሚከፍለው ትርፍ ገንዘብ ነው።

ሥር የሰደደው ስህተት «ከ600 ዶላር በታች ከሆነ አይነገርም» የሚለው ነው። 600 ዶላር ከፋዩ ወረቀት እንዲያወጣ የሚያስገድደው ልክ ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈለው ደግሞ 2,000 ሆኗል። ሠራተኛው ግን ወረቀት መጣም አልመጣም ገቢውን መናገር አለበት። በግል ሥራ የተገኘው የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብርም አብሮ ይመጣል።

በቁጥር እንየው። በ12 ፐርሰንት እርከን ላይ ያለ ሰው የ2024 ታክሱን ሲያሠራ 4,000 ዶላር የትርጉም ገቢ ረሳ እንበል። ለዚያ ሥራ 1,200 ማይል ነድቷል፤ በዚያ ዓመት በማይል 67 ሳንቲም ስለሚታሰብ 804 ዶላር ይቀነሳል። ለሥራው የዋለው የስልክና የኢንተርኔት ድርሻ 196 ቢሆን የተጣራው ገቢ 3,000 ነው። ከዚህ 92.35 ፐርሰንቱ ተወስዶ በ15.3 ፐርሰንት ሲሰላ 424 ዶላር የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ይመጣል። የዚህ ግማሽ፣ 212 ዶላር፣ ከገቢው ይቀነሳል፤ ከቀሪው ደግሞ 20 ፐርሰንቱ የግል ሥራ ገቢ ቅናሽ በሚሰላበት በ8995 ፎርም ሲቀነስ ግብር የሚከፈልበት 2,230 ብቻ ይሆናል። በ12 ፐርሰንት 268 ዶላር ማለት ነው። በድምሩ 692። ብዙዎች ከሚፈሩት ያንሳል።

አይአርኤስ ራሱ ሲያገኘው ግን ሲፒ2000 የሚባለውን ደብዳቤ ይልካል፤ የሚያሰላውም ከፋዩ በላከለት 4,000 ላይ ነው። ማይሉንም ስልኩንም አያውቅ። ሂሳቡ ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋል፣ ወለዱ ሳይጨመር። ደብዳቤው የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደንግጦ «እስማማለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለ፤ ወጪውን የሚያሳይ ስኬጁል ሲ ከማስረጃው ጋር አያይዞ «በከፊል አልስማማም» ማለት ይቻላል።

ደብዳቤው ሳይመጣ የሚሞላው 1040-ኤክስ፣ ቀድሞ የገባውን ታክስ ማረሚያ ፎርም፣ ነው። ሦስት ዓምድ አለው፤ በመጀመሪያው ፋይል የተደረገው፣ ልዩነቱ፣ ትክክለኛው። የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ነው ስህተት የሚበዛው፤ አይአርኤስ ቀድሞ ራሱ ያስተካከለው ነገር ካለ እቤት ያለው ኮፒ አይሠራምና ከአይአርኤስ ድረ ገጽ የአካውንት ትራንስክሪፕት (የታክስ መዝገባችሁን ግልባጭ) አውጡ። ማብራሪያው ላይ ሐተታ አያስፈልግም፦ «በዚህ ዓመት የተገኘ የትርጉም ገቢ ሳይካተት ቀርቷል፤ ስኬጁል ሲ እና ኤስኢ ተያይዘዋል» የሚለው፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ይበቃል። ኤስኢ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩ ግብር የሚሰላበት ፎርም ነው። የተለወጠ ፎርም ሁሉ ይያያዝ። ባልና ሚስት አብረው ፋይል ካደረጉ ሁለቱም ይፈርሙ። ገቢውን «ሌላ ገቢ» የሚለው መስመር ላይ ጽፎ ከ15.3ቱ ለማምለጥ መሞከር ሌላ ደብዳቤ መጥራት ነው።

ማይሉን በተመለከተ፣ ከቤት ወደ ቋሚ መሥሪያ ቤት የተነዳው አይቆጠርም። ከመሥሪያ ቤት ወደ ትርጉሙ ቦታ፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው የተነዳው ይቆጠራል። በጊዜው ካልተመዘገበ የቀጠሮ ኢሜይሎችን ከስልኩ የጉዞ ታሪክ ጋር እያመሳከሩ በቀን፣ በቦታና በምክንያት መጻፍ ነው፤ በግምት የተሞላ ድፍን ቁጥር ኦዲት ላይ አይቆምም።

ገቢ ሲጨመር ሌላውም ይነቃነቃል። የጤና ኢንሹራንሱን ከማርኬትፕሌስ (ድጎማ ከሚገኝበት የመንግሥት ገበያ) የሚገዛ ሰው የተደረገለትን ድጎማ በ8962 ፎርም እንደገና ማስላት አለበት፤ አንዳንዴ ከታክሱ የሚበልጠው ይሄ ነው። ኧርንድ ኢንከም ክሬዲት (ገቢው ዝቅ ላለ ሠራተኛ የሚሰጠው የታክስ ድጋፍ) ደግሞ ሊቀንስ ይችላል፤ ገቢው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ግን ሊጨምርም ይችላል፤ ሳይሰላ አይታወቅም። የስቴቱም አይዘንጋ፦ ሜሪላንድ 502ኤክስ የሚባል ፎርም አላት፣ ቨርጂኒያና ዲሲ በዚያው በመደበኛው ፎርም ላይ «የታረመ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ይደረጋል።

ወለድ የሚቆጠረው ከኤፕሪል 15 ነው፤ በ2025 በዓመት 7 ፐርሰንት ነበር፣ በየቀኑ የሚባዛ። ስለዚህ ገንዘቡን ከፎርሙ ጋር አብሮ በዳይሬክት ፔይ (በአይአርኤስ የኦንላይን መክፈያ) መክፈል ነው፤ ምክንያቱን ሲጠይቅ የታረመ ፋይል የሚለውን ምረጡ። በወር ግማሽ ፐርሰንት የሚሆነው የመዘግየት ቅጣት የሚጀምረው የክፍያ ማስታወቂያ መጥቶ 21 ቀን ሳይከፈል ሲያልፍ ነው። አይአርኤስ ስለ ምርመራ ሳያነጋግር በፊት በቅን ልቦና ያረመ ሰው ታክስን አሳንሶ በማሳወቅ ሊጣል ከሚችለው የ20 ፐርሰንት ቅጣት ይድናል። ከላኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁኔታውን በድረ ገጹ ማየት ይቻላል፤ እስከ 16 ሳምንት ግን ሊቆይ ይችላል።

ቤተሰብ ለማምጣት አይ-864 የሚሞላ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ ያልተነገረ ገቢ ለስፖንሰርነት አይቆጠርለትም። ጡረታውም እንደዚያው። በግል የተሠራ ገቢ ሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ የሚገባው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ባለው 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ከተነገረ ነው። ለ2023 ገቢ የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15፣ 2027 ነው፤ ከዚያ በኋላ ታክሱ ቢከፈልም መዝገቡ ላይ አይገባም።