ከቦሌ ዋሽንግተን፦ ሲሄዱ 17፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው። ሰዓቱ ግን አይገናኝም። ስሄድ 17 ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፣ ስመለስ 13። ቲኬት የሸጡልኝ ሰዎች የነገሩኝ የመመለሻውን ብቻ ነው። «13 ሰዓት ነው፣ ተኝተሽ ትደርሻለሽ» ነበር ያሉኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

የተነሳነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ከኋላዬ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ለጥጦ ጉልበቴ ላይ ተኝቷል። ጎንደር በአውቶቡስ ስሄድ እንኳ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ምሳ እበላለሁ፣ እግሬን አፍታታለሁ።

ደግነቱ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነበሩ። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው «እንቺ ልጄ፣ የነሱ ምግብ አያጠግብም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሊነጋጋ ሲል ደብሊን አረፍን። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። «ተመስገን! ልጄ በየት በኩል ነው የምትጠብቀኝ?»

«እማማ፣ ገና ነው። ይሄ አየርላንድ ነው፣ ነዳጅ ሊቀዳ ነው ያረፈው። ይቀመጡ።»

ፊታቸው ጭልም አለ። እሳቸውም የተነገራቸው 13 ሰዓት ነው። የግፊት መድኃኒታቸውን ስደርስ እውጠዋለሁ ብለው የጭነት ሻንጣ ውስጥ ከተውታል። ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠ ወጣት ይህን ሲሰማ በራሱ ስልክ ልጃቸው ጋ ደወለላቸው። ዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ነው፤ አራስ ቤት ግን ማን ይተኛል? ድምጿን ሲሰሙ ተረጋጉ። መድኃኒቱንም ገዝታ ይዛ እንደምትጠብቃቸው ነገረቻቸው። ያንን ልጅ ፈጣሪ ይባርከው።

ለምን እንደምናርፍ ያስረዳንም እሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ክንፉም እንደ ቆላ አያነሳም፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ርዝመት እያለውም፣ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነትና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ነዳጁን ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ደብሊን ደግሞ መንገዱን ብዙም አታጣምመውም፤ የምትጨምረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እኛ ከመቀመጫችን ሳንወርድ ተጸዳ፣ ተቀዳ፣ ተነሳን።

አትላንቲክን እንዴት እንዳለፍነው አላውቅም። የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ስንደርስ እዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር። እማማ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው ከእኔ ቀድመው ወጡ። ሳገኛቸው ከልጃቸው አንገት አልላቀቅ ብለው ነበር።

ስመለስ ማረፊያ የለም። ደለስ ቆላ ነው፣ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ ይነሳል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከኋላ ይገፋል። ረፋድ 5 ሰዓት ተነስተን በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ነበርን።

እናታችሁን በዚህ መስመር የምታስመጡ ሁሉ፣ እባካችሁ 17 ሰዓት በሏቸው። መሀል ላይ አውሮፕላኑ እንደሚያርፍና እሳቸው እንደማይወርዱ ንገሯቸው። መድኃኒታቸውንም በእጃቸው ይያዙ።