ሐይቁን ያረሱት ሰውዬ

ዓሣ ማጥመድ የተማርኩት ዝዋይ ነው። ለሥራ ሄጄ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ድሬ ዳዋ ከተመለስኩ በኋላ መንጠቆዬ መሳቢያ ውስጥ ዛገ። ደቻቱ ወንዝ ላይ ምን ይጠመዳል አቦ? ጎርፍ ካልመጣ አሸዋ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ግን በጓደኛዬ ሞተር ሳይክል ደንገጎን አልፈን ሐረማያ ደረስን። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ብሎ ነበር። ያኔ ሐረር ትጠጣው ነበር፣ ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በፓምፕ ይስበው ነበር፣ ደለሉ ደግሞ ከታች ይሞላው ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው ውሃው የተመለሰው።

በዝዋይ ልማዴ ጠዋት 12 ሰዓት ዳር ላይ ቆምኩ። ምን አስቸኮለኝ! ቦታው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በድሬ ቲሸርት ለመጣ ሰው ጥርስ ያንገጫግጫል።

የማላውቀው ሐይቅ ላይ ቶሎ አልጥልም። መጀመሪያ ነፋሱን አያለሁ። ነፋስ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ዋቅላሚ ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚበላው ደግሞ እሱኑ ነው። ቀጥሎ ወፍ። ያቺ ጥቁርና ነጭ፣ አየር ላይ ቆማ እየተርገበገበች ቁልቁል የምትወረወረዋ የት ደጋግማ ገባች? እዚያ ትንንሽ ዓሣ አለ ማለት ነው። ሁሉንም አየሁ፤ ጣልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም።

ጫታቸውን ውሃ ሊያጠጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሳቁብኝ።

«ዓሣውም እንዳንተ በርዶታል። ፀሐይ ይሙቅ እስቲ።»

«እሺ አባባ፣ ከሞቀ በኋላስ የት ይመጣል?»

«አሁን የምትጥልበት ድንች የዘራሁበት ነው። ሜዳ ነው፣ ከጉልበትህ አያልፍም።» ዳር ዳሩን ይዘው ወደ ግራ ሄዱ፤ አንድ ቦታ ቆሙና በዱላቸው ጠቆሙ። «ውሃው ሲሸሽ እየተከተልን ቦይ ቆፍረን ነበር። በዚህ ነው የሚያልፈው። ሣሩ ያለቀበትን አየኸው?»

እኔ ወፍ ስቆጥር እሳቸው ሐይቁን በእግራቸው ያውቁታል።

ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሣሩ ያለቀበት ጋ ጣልኩ። ማጥመጃዬ ሊጥ ነው፤ ተንሳፋፊው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ። ቆሮሶ እንደ አምባዛ ዓሣ ይዞ አይሮጥም፣ ይለቅማል። ተንሳፋፊው አይሰምጥም፤ ይንቀጠቀጥና ጎን ለጎን ይንሸራተታል። ያኔ ነው ቀስ ብሎ መሳብ። መዳፍ የሚያህል ወጣ። ከዚያ ሌላ። ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ ብጥል ዝም፤ ወደ ቦዩ ስመለስ ደግሞ መልቀም።

አምስት ሆኑ። ሁለቱን ለሽማግሌው ሰጠሁ፣ አልፈልግም አሉ፤ እሾሁን አይወዱትም። መንጠቆ አለህ ወይ አሉኝ፣ ለልጅ ልጃቸው። ሁለት ሰጠኋቸው።

ሞተር ሳይክሉን ስናስነሳ እሳቸውም ፓምፓቸውን አስነሱ። ቱቦው ቦዩ ውስጥ ነበር የተነከረው።