ሴንሰሩ እውነቱን ሲናገር፦ ከአሮጌ ኮሮላ ጋር የቀጠለ ትግል

የዚህ ዙር ሥራ የመኪናው ኮምፒውተር በመዘገበው አንድ የብልሽት ኮድ ዙሪያ ነው፤ ፒ 0128። መኪናዋ የአሜሪካ ስሪት 2004 ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 1.8። ቼክ ኢንጅን በርቷል። ቤንዚን ትጠጣለች። ጠዋት ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ይልና ቶሎ አይወርድም። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ሲፈቱ ጥላሸት ለብሰዋል።

ኮዱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሞተሩ ውሃ በሚጠበቀው ጊዜ አልሞቀም። ምን ይቀየር የሚለውን አይናገርም። እሱን የሚናገረው ሰው ነው፣ ብዙውን ጊዜም መልሱ «የሙቀት ሴንሰሩ ሄዷል» ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ሴንሰሩ እየዋሸ ነው ወይስ እውነቱን እየተናገረ? ይህን ሳላውቅ ዕቃ ላለመግዛት ወሰንኩ።

መሣሪያዬ ርካሽ የብሉቱዝ ስካነር፣ ስልክና ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው። ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ የቤት መኪኖች ከመሪው ሥር ባለ 16 ፒን ሶኬት ስላላቸው ስካነሩ እዚያ ይሰካል። ኮድ ማንበቡ ትንሹ ጥቅሙ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ሞተሩ እየሠራ ቁጥሮቹን በቀጥታ ማሳየቱ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ጠዋት፣ መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ ነው። ቁልፉ ይከፈታል፣ ሞተሩ አይነሳም። በዚህ ሰዓት የውሃው ሙቀትና ወደ ሞተር የሚገባው አየር ሙቀት መቀራረብ አለባቸው። ሌሊቱን ሁለቱም አንድ ላይ ቀዝቅዘዋልና። የኔዎቹ ተቀራረቡ። አንዱ 13 ሌላው 40 ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ።

ቀጥሎ የሴንሰሩን ሶኬት ነቀልኩ። ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 አለ። ትክክል ነው፤ ሽቦው ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ የሚያየው የመጨረሻውን ብርድ ነው። ሁለቱን የሶኬት ጫፎች በቀጭን ሽቦ ሳገናኝ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 140 ተተኮሰ። ስለዚህ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው። አደራ፣ ይህን የምታደርጉት ባለ ሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ላይ ብቻ ነው። ሌላ ሶኬት ላይ ብትሞክሩት ኮምፒውተሩን ልታቃጥሉ ትችላላችሁ። ሲጨርሱም አዲስ ኮድ ስለሚመዘገብ ማጥፋት ነው።

ሴንሰሩን በቴስተር መለካትም አይከብድም። ሲቀዘቅዝ ኦሙ (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ) ይወጣል፣ ሲሞቅ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም መሆን አለበት። የኔው ልኩ ውስጥ ነው።

ነገሩን የፈታው ግን መንገድ ላይ መውጣት ነው። ሜክሲኮ አካባቢ መኪና ተጨናንቆ ስንቆም ቁጥሩ ቀስ እያለ 80 ይደርሳል። ቀለበት መንገድ ላይ ፍጥነት ስንይዝ ወደ 60 ይወርዳል። የተበላሸ ሴንሰር የመኪናውን ፍጥነት አያውቅም። ነፋስ ሲመታው ውሃው በእርግጥም እየቀዘቀዘ ነው። ይህ ማለት ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ወይም ከነጭራሹ የለም።

በዚህ ሞተር ላይ ቦታው ዝቅ ብሎ፣ የራዲያተሩ ታችኛው ጎማ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት፣ ከዳይናሞው ጀርባ ነው። እጅ ለማስገባት ይቸግራል። ተፈታ። ባዶ!

መካኒኩ ምንም አልገረመው። «አዲስ አበባ ላይ ቴርሞስታት ምን ይሠራልሃል? እሱ ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው» አለኝ። ብዙ ቦታ የሚባል ነገር ስለሆነ አልተከራከርኩትም፣ ግን አልስማማም። አመጣጡ ይገባኛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ ሞተሮች መደበኛ ሙቀት ደግሞ ከ80 እስከ 95 ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተውና የተሞላውም የቧንቧ ውሃ ከሆነ ይፈላል። ያኔ «ሞተሩ ይሞቃል» ተብሎ ቴርሞስታቱ ይወጣል። ሙቀቱ ይወርዳል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ግን ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ጥላሸቱም፣ ሚኒሞውም የመጣው ከዚህ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ይወስደዋል። ከሁሉም በፊት መቀየር የነበረበት እሱ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉ ትንሹ ነው።

አዲስ ቴርሞስታት ከነጓርኒሲዮኑ (ውሃ እንዳያፈስ ከሚይዘው ጎማ ጋር) ገባ። አዲስ ክዳንና ኩላንትም (የራዲያተር ፈሳሽ)። አየሩ በደንብ እንዲወጣ የመኪናው ማሞቂያ ተከፍቶ ሞተሩ ሠራ። አሁን ቆመንም ሮጠንም ቁጥሩ ከ84 እስከ 90 ይጫወታል። ሚኒሞው ቶሎ ይወርዳል፣ ኮዱም አልተመለሰም። የቤንዚኑን ቁጠባ በቁጥር ለመናገር ገና ነው።

ማፕ ሴንሰር (ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካ) ያለው መኪና የምትነዱም ከፍታውን አትርሱ። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ስትከፍቱ አዲስ አበባ ላይ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ያሳያል፣ ድሬዳዋ ላይ 88 አካባቢ። መጽሐፉ 101 የሚለው ለባሕር ዳርቻ ነው። 77 አይታችሁ ጤነኛ ሴንሰር እንዳትጥሉ።

የቀረኝ ፒ 0141 ነው፣ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ። ማሞቂያው በ20 ዲግሪ ከ11 እስከ 16 ኦም ማሳየት አለበት። መጀመሪያ ፊውዙን አያለሁ፣ ከዚያ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት መድረሱን፣ ከዚያ ነው ኦሙ። በዚህ ሞተር ላይ ሶኬቱን ወንበር ሳይፈታ የደረሰበት ካለ ይንገረኝ።