የስድስት ሰዓት ልዩነት

በጥር ወር ሐዋሳ ላይ ከሠርግ ቪዲዮ ጋር የሚውል ሰው እንቅልፍ አያውቅም። እኛ ፒያሳ አካባቢ ባለችው ትንሽ ስቱዲዮ ቪዲዮውን አቀናብረን ኤስ ስሪ ወደሚባለው የአማዞን የኢንተርኔት ማከማቻ እንጭናለን፤ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ከዚያ ያወርዱታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ሌሊቱን ሲጫኑ ማደር የነበረባቸው ፋይሎች በሙሉ ቆመዋል። ፕሮግራሙ የሚያሳየው 403 የሚል ቁጥርና «አልተፈቀደም» የሚል ቃል ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ደህና ይሠራል።

«ቁልፉ ነው» አልኩና ለፕሮግራሙ እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግለውን መግቢያ ቁልፍ አዲስ አወጣሁ፤ አሮጌውንም ሰረዝኩ። ምስጢራዊው ቁልፍ የሚታየው ሲፈጠር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ በጥንቃቄ ገለበጥኩት። አሁንም 403። ይባስ ብሎ በአሮጌው ቁልፍ ያለ ችግር ይጭን የነበረው የጓዳው ላፕቶፕም ቆመ። እዚህ ላይ ነው ራሴን የምወቅሰው፤ ያው ቁልፍ በአንዱ ማሽን እየሠራ በሌላው እምቢ ካለ ጥፋቱ ከቁልፉ እንዳልሆነ ሳልነካው ማወቅ ነበረብኝ። ከዚያም አልፌ ማከማቻውን ለማንም ሰው ክፍት ላደርገው ምንም አልቀረኝም። የሰው ሙሽራ አደባባይ ሳላወጣ እጄን የሰበሰብኩት የስቱዲዮው ባለቤት «ልጄ፣ ቀስ በል» ስላሉኝ ነው።

ተረጋግቼ የፕሮግራሙን መዝገብ ከፈትኩ። ከኛ የተላከው ጥያቄ የያዘው ሰዓትና የማከማቻው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ሰዓት እጅግ ተራርቀዋል ይላል። ነገሩ እንደ ቼክ ነው፤ ኮምፒውተሩ በምስጢራዊው ቁልፍ ሲፈርም ቀንና ሰዓቱን አብሮ ይፈርማል፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ከተዛነፈ ፊርማው ትክክል ቢሆንም አይመነዘርም። እንዲህ የተደረገው አንድ ሰው የተጠለፈ ጥያቄ አቆይቶ መልሶ እንዳይልከው ነው።

የኮምፒውተሩን ሰዓት አየሁ፤ 5፡20። የእጄን ሰዓት አየሁ፤ 5፡20። ታዲያ ምኑ ነው የተራራቀው? ጥቂት ቆይቶ ነው የገባኝ። በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 11፡20 መሆን ነበረበት!

እንግዳ ተቀባያችንን ጠየቅኋት። «እሑድ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ አንድም ገጽ አልከፍት ብሎኝ ነበር ጋሼ፤ ቀኑን ከስልኬ፣ ሰዓቱን ከእጅ ሰዓቴ አስተካከልኩት» አለች። ልጅቱ አላጠፋችም። ሳንቲም የምታህለው የውስጥ ባትሪ ሞታ ነው። ስድስት ሰዓት ቢዛነፍ ድረ ገጽ አይከለክልም፤ የድረ ገጽ የደኅንነት ማረጋገጫ የሚቆየው ለሳምንታትና ለወራት ነውና።

ባትሪዋን በአዲስ 2032 ቀየርኩ፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱን እንዲያስተካክል አደረግሁ፣ ለላፕቶፑም አዲሱን ቁልፍ ሰጠሁት። ፋይሎቹ መሄድ ጀመሩ። ልጅቱ ግን በፈረንጅ ሰዓት የደንበኛ ቀጠሮ መያዝ እንደሚያደናግራት ስትነግረኝ ሰዓቱን ሳልነካ የሰዓት ቀጠናውን ብቻ ወደ ቦነስ አይረስ አዞርኩላት። ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የሚያሳየው የእኛኑ ሰዓት ነው፤ ቀኑም እንደኛው ንጋት ላይ ይቀየራል።

ባለቤቱ ማታ ስክሪኑን አይተው «ደግሞ አርጀንቲና ውስጥ ማን አገባ?» አሉ።